እግሩ ገና አጭር ነው

ሙሄ ወልደኪዳን ከሞተ ዘጠኝ ቀን ሆኖታል፤ አልተቀበረም።

ሬሳው ከኮምቦልቻ ዳርቻ፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ባለው የከተማው ማቀዝቀዣ ውስጥ፣ አራተኛው ረድፍ ላይ ነው። ትርንጎ ሰይድ በየጠዋቱ በሁለት ሰዓቱ አውቶቡስ ትሄዳለች፤ በመስታወቱ በኩል የሳጥኑን ቁጥር ታያለች፤ ቁጥሩ ካልተለወጠ እሱ እዚያው አለ ማለት ነው። ገብቶ ማየት የተፈቀደው ለዘመድ ብቻ ነው። እሷ ደግሞ ሠላሳ ዓመት አንድ አልጋ ላይ አብራው ብትተኛም መዝገቡ ዘመዱ ናት አይልም። መዝገቡ ትርንጎን የቤት ባለቤት፣ ሙሄን ተከራይ ይላቸዋል።

እንዲህ የሆነው በስምምነቱ ነው። ከስምምነቱ በፊት የነበረውን ጊዜ ማንሳት የሚወድ ሰው የለም። መንደር ከመንደር፣ ወንድም ከወንድም የተቃጠለበት ሦስት ዓመት ነበር። ስምምነቱ ሲፈረም ሰው ሁሉ በሰባት ቤት ተመደበ፤ የሃይማኖቱ ስም ቀርቶ የቤቱ ቁጥር ብቻ እንዲጠራ ተወሰነ። ከዚያ ወዲህ በእምነቱ ምክንያት የተገደለ አንድም ሰው የለም። ይህ እውነት ነው፤ ማንም አይክደውም። በምላሹ የተጠየቀውም ትንሽ ነገር ነው። እያንዳንዱ ሰው በዓመት አንድ ጊዜ፣ በተመደበለት ቀን፣ ወደ ቃል መስጫው ይገባል፤ ሦስት ጥያቄ ይጠየቃል፤ መልሶ ወረቀቱን ይዞ ይወጣል። በዚያ ወረቀት ሥራ ይገባል፣ ይታከማል፣ ያገባል፣ እድር ይገባል፣ ይቀበራል።

ሁለተኛው ጥያቄ «አምላክ ከየት መጣ?» የሚል ነው። ሰባቱ ቤቶች በብዙ ነገር ቢለያዩም በዚህ ላይ መልሳቸው አንድ ነው፤ «ከየትም አልመጣም፤ መጀመሪያም መጨረሻም የለውም።» ፊደል ያልለየ ሕፃን እንኳ ይህን ይለያል። ትርንጎ በአንድ ትንፋሽ ብላው ትወጣና የሦስተኛው ቤት ወረቀቷን ትቀበላለች። ሙሄ ግን ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ፣ በየዓመቱ፣ «ያልተመደበ» የሚል ወረቀት ይዞ ሲወጣ ኖረ።

በመጀመሪያው ዓመት ከውኃ ጉድጓድ ፓምፕ ጥገና ሥራው ተሰናበተ። በሁለተኛው ዓመት እድሩ ስሙን ሰረዘ። በሦስተኛው ጋብቻቸው ፈረሰ፤ ያልተመደበ ሰው ከተመደበ ሰው ጋር በአንድ መዝገብ አይቆምምና። አንድ ጣራ ሥር ለመኖር የቀረው መንገድ ተከራይ ብላ ማስመዝገብ ነበር፤ አስመዘገበችው። በቃል መስጫው ውስጥ ምን እንደሚል ግን ጠይቃው አታውቅም። ካደ ብላ ነው ያሰበችው። ጎረቤቱም እንደዚያው ነው ያሰበው። ሙሄም ማንንም «አልካድኩም» ብሎ አልተከራከረም።

በዘጠነኛው ቀን ከማቀዝቀዣው ወደ ቃል ጽሕፈት ቤቱ አቀናች። የተቀበለቻት ሶልያና የምትባል ወጣት ሠራተኛ ነች፤ ቀጠን ያለች፣ ሌሊቱን ያላረፈች የምትመስል። ወንበር ስባ አስቀመጠቻትና ውኃ ቀዳችላት።

«እማማ፣ ሟች ምንዎ ናቸው?»

«ባሌ።»

ሶልያና ወደ ኤሌክትሮኒክ ሰሌዳዋ አየት አደረገች። አልተከራከረችም። «እሺ። አብሮ ነዋሪ ብዬ ልያዘው፤ ሕጉ ለእሱም መብት ይሰጣል።»

«የምፈልገው እንዲቀበር ነው። ከልጃችን ጎን። ልጃችን ሦስተኛው ቤት መቃብር ናት፤ ያኔ፣ ቃል መስጠቱ ገና ሳይጀመር፣ እሱም እኔም ሦስተኛው ቤት ነበርን።»

«ያልተመደበ ሰው በየትኛውም ቤት መቃብር አይገባም፣ እማማ። አሥራ አምስት ቀን ሲሞላቸው ወደ አፈር ጣቢያ ነው የሚሄዱት።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «በአርባ ቀን አፈር ይሆናሉ። አፈሩ ለመንገድ ዳር ዛፎች ነው የሚሄደው። ክፉ ነገር የለበትም ይላሉ። ስም ብቻ አይደረግበትም።»

ትርንጎ ውኃውን አልነካችውም።

«አንድ መንገድ አለ» አለች ሶልያና። «የመጨረሻ ሰዓት ቃል የሚባል። ሟች ሊሞቱ ሲሉ የሦስተኛውን ቤት ቃል ተናግረዋል ብለው እርስዎና አንድ ምስክር ከፈረማችሁ፣ በዚያው ቀን ይመደባሉ። ብዙ ሰው ይፈርማል። እኛም ብዙ አንጠይቅም።»

«ሲሞት አልተናገረም። እጄን ይዞ ነበር፤ ሳል አላናግር አለው።»

«እማማ፣ አንጠይቅም አልኩዎት እኮ።»

ከዚያ ሶልያና ልትናገረው ያልፈለገችውን ተናገረች። «ግን ማወቅ ያለብዎት ነገር አለ። አንድ ሰው ሁለት ቃል ሊኖረው አይችልም። ከፈረሙ፣ ሟች ከዚህ በፊት የሰጡት ቃል ሁሉ ይጠፋል። ሃያ አንድ ቅጂ አለ። ከመጥፋቱ በፊት አንድ ጊዜ መስማት ይችላሉ። መቅዳት፣ መጻፍ፣ መድገም ግን አይፈቀድም።»

ትርንጎ «ድምፁ አለ?» አለች።

«አለ።»

ያስገቧት ክፍል መስኮት የለውም። ስልኳን ተቀበሏት፤ ጆሮ ማዳመጫ ሰጧት። መጀመሪያ የተሰማት የቃል መስጫው ማሽን የሴት ድምፅ ነው፤ በየዓመቱ እሷንም የሚጠይቃት ያው ለስላሳ ድምፅ።

«አምላክ ከየት መጣ?»

ቀጥሎ የሙሄ ጉሮሮ ሲጠረግ። የዛሬ ሃያ አንድ ዓመት የነበረው፣ ገና ወጣቱ ሙሄ።

«ከለቅሶ» አለ።

«አልተረዳሁም። እባክዎ ይድገሙ።»

«ከለቅሶ ነው የመጣው፣ ልጄ። መጀመሪያ ሰው ብቻውን ነበር። አንዷ እናት ልጇ ሞተባት እንበል። ‹ምነው!› አለች። ለማን ነው ‹ምነው› የምትለው? ለማንም። ማንም አልነበረማ። ግን አለች። ከእሷ በኋላ ሌላዋም አለች። አሥር ሺህ ዓመት ሰው ሁሉ ወደ ባዶ ሜዳ ‹ምነው› ሲል ኖረ። ይህን ያህል የተጠራ ነገር አለመምጣት አይችልም። ስም ቀደመ፤ ባለስሙ ተከተለ። እኔ የሚመስለኝ እንደዚህ ነው።»

ትርንጎ እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። ልጃቸው ፈዲላ የሞተችው ይህ ቅጂ ከመቀዳቱ ስምንት ወር ቀደም ብሎ ነው። የትኩሳት ወረርሽኝ በገባበት ዓመት፣ በአራት ዓመቷ። ሦስት ቀን ሙሉ ሁለቱም ከራስጌዋ ሳይነሱ አምላክን ጠርተውታል። ሐሙስ እኩለ ቀን ላይ ሞተች። ከደሴ የተላከው መድኃኒት ከአንድ ሰዓት በኋላ ደረሰ፤ ሾፌሩ ሳጥኑን ታቅፎ እያለከለከ በሩ ላይ ቆመ። በሰባተኛው ቀን ሙሄ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ሳለ «አትቀየሚው፤ ገና ልጅ ነው» አላት። ሾፌሩን መስሏት ነበር። ሾፌሩ ግን ሽበት ያለው ሰው ነው። ማንን እንደሆነ ሲገባት ጮኸችበት። ልጇ በሞተች በሰባተኛው ቀን አምላክን ልጅ ነው የሚላት ባል! «ይህን ቃል በዚህ ቤት ሁለተኛ እንዳትናገረው» አለችው። አልተናገረውም። በዚያ ቤት ውስጥ ሁለተኛ አልተናገረውም።

አምስተኛው ቅጂ ላይ ድምፁ ደከም ብሏል።

«መልስዎ ክህደት ተብሎ ሊመዘገብ ይችላል። ያረጋግጣሉ?»

«ክህደት አይደለም። አለ እያልኩሽ ነው እኮ። አየሽ፣ እኔ የጉድጓድ ሰው ነኝ። ጉድጓድ ውስጥ ስትጮሂ ድምፅሽ ተመልሶ ይመጣል፤ የገደል ማሚቶ ነው፣ የላክሽውን ብቻ ነው የሚመልስ። እሱ እንደዚያ አይደለም። እኛ ለቅሶ ላክን። የተመለሰው ግን ለቅሶ አይደለም፤ ልጅ ነው። ትንሽ ልጅ። ገና ምንም የማያውቅ።»

ዘጠነኛው ላይ ስለ ፈዲላ ተናገረ። እንዲህ አድርጎ ስለ ፈዲላ ሲናገር ትርንጎ ሰምታው አታውቅም፤ ቤት ውስጥ ስሟን ሁለቱም አያነሱም ነበር።

«ልጄ በሞተች በአንድ ሰዓቷ መድኃኒቱ መጣ። ሰው ሁሉ ቀረ ይላል። አልቀረም። ጠራነው፤ ሰማ፤ ሮጠ። ከየት እንደተነሳ እግዜር ይወቀው…» ሳቅ ነገር አመለጠው። «ራሱ ይወቀው እንጂ። ሮጦ ነው የመጣው። እግሩ ግን ገና አጭር ነው። አንተ ልጅ ምነው ዘገየህ ብዬ ልቆጣው? እኔ አልችልም። ያሳዝነኛል። ደርሶ ሲያያት ምን ተሰምቶት ይሆን እላለሁ።»

ትርንጎ ጆሮ ማዳመጫውን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ከበሩ ውጪ ሰዎች ስለ ምሳ ያወራሉ። ቆይታ መልሳ አደረገችው።

ዐሥራ አራተኛው ላይ ማሽኑ አዲስ ጥያቄ ጨምሮ ነበር፤ ቃሉን ለሌላ ሰው ያስተምር እንደሆነ ጠየቀው።

«ለማን ላስተምር? ባለቤቴ በቤቷ እንዳላወራ ብላኛለች፤ ልክ ናት። ጎኗ ላይ የተሰነጠቀ ነገር አለ፤ እኔ ስናገር ይሰፋባታል። ስለዚህ በዓመት አንድ ቀን ለአንቺ ነው የማወራው። ሰው እኮ ሳያወራ አይችልም።» ከዚያ ቀጠለ። «እሷ አኩርፋዋለች፣ ታውቂያለሽ? ዐሥራ አራት ዓመት ሊሆናት ነው። ትጸልያለች፣ ትጾማለች፣ ግን አኩርፋዋለች። እኔን የሚያቆመኝ የእሷ ኩርፊያ ነው። የሌለ ሰው አይኮረፍም። ብቻዬን ብሆን ይጠፋብኝ ነበር።»

የመጨረሻው ባለፈው መጋቢት የተቀዳው ነው። ሳል በሳል ሆኗል።

«አምላክ ከየት መጣ?»

«ያው የነገርኩሽ ነው። ዘንድሮ ግን ሳያድግ አልቀረም። የጎረቤቴ ልጅ ያው ትኩሳት ያዛት፤ መድኃኒቱ በጊዜ ደረሰ። እግሩ ረዝሟል አልኩ።»

ሃያ አንዱም ቅጂ ሲደመር ሃምሳ ደቂቃ አይሞላም። ሶልያና በሩን ስትከፍት ትርንጎ ዘጠነኛውን ዳግም ታሰማት ዘንድ ለመነቻት። ሶልያና ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ «አልችልም፣ እማማ» አለች።

በማግስቱ የሦስተኛው ቤት እድር ዳኛ ጋሽ ደርበው ሳይጠሩ መጡ። ሰባ አምስት ዓመት የሞላቸው፣ ከዘራ ይዘው የሚሄዱ ሰው ናቸው። ከሙሄ ጋር አንድ ግቢ ነው ያደጉት፤ ስሙን ከእድሩ መዝገብ የሰረዙትም እሳቸው ናቸው። ደጃፉ ላይ ቆመው ጥቂት ካመነቱ በኋላ ገቡ። ያን ደጃፍ ከረገጡ ሃያ ዓመት አልፏቸዋል።

«ምስክር ያስፈልግሻል አሉኝ» አሉ።

«ማን አለዎት?»

«ያቺ የጽሕፈት ቤቷ ልጅ። ደወለችልኝ። እኔ እሆናለሁ።»

«ጋሽ ደርበው፣ እርስዎ ሲሞት አልነበሩም።»

«አልነበርኩም።»

«እኔ ነበርኩ። የሦስተኛውን ቤት ቃል አላለም። ውሸት ነው የምንፈርመው።»

«ውሸት ነው» አሉ ሽማግሌው። ከዘራቸውን ጉልበታቸው መሃል አቁመው እጃቸውን ደራረቡበት። «ሬሳ ግን ያለ መቃብር ከሚቀር ውሸት ይሻላል። ፈዲላ እዚያ ብቻዋን ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። ከጎኗ ሁለት ቦታ አስከብሬ ይዣለሁ፤ ማንም ሳይነካው። ለአባቷና ለአንቺ። ስሙን ስሰርዝ ቦታውን አልሰረዝኩም። እጄ አልታዘዝ አለኝ።»

«ከፈረምኩ ድምፁ ይጠፋል።»

«ድምፁን ምን ታደርጊበታለሽ?»

አፏ ላይ የመጣው «እኔ ዝም በል ባልለው ኖሮ እዚያ ባልነገረው» የሚል ነበር። ሽማግሌው ግን ሙሄ ምን እንደተናገረ አያውቁም፤ ቢያውቁም መስማት የሚፈልጉ አይመስልም። ዋጠችው።

በዐሥራ አንደኛው ቀን ሁለቱም ፈረሙ። ሶልያና ሰሌዳውን ወደ ትርንጎ አዞረችው። በሙሄ ወልደኪዳን ስም የተቀመጡት ሃያ አንድ ቃሎች እንደሚሰረዙ ይናገራል፤ ከታች «እስማማለሁ» የሚል አለ።

«እኔ ልጫንልዎት?»

«አይ። እኔው።»

ጣቷ ደረቅ ስለነበር ማሽኑ መጀመሪያ አልተቀበላትም። በሁለተኛው ተቀበላት። ምንም አልተሰማም። ሶልያና «ተመድበዋል» አለች፤ ማተሚያው ሞቅ ያለ ወረቀት አወጣ። ከስሙ ጎን «ሦስተኛ ቤት» ይላል። ከሥሩ ደግሞ ሌላ መስመር ነበር፤ «የትዳር ጓደኛ፣ ትርንጎ ሰይድ።»

በማግስቱ ተቀበረ። መቃብሩ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ተዳፋት ላይ ነው። እድሩ ድንኳን ጣለ። ሃያ ዓመት ሰላምታ የነፈጉት ሰዎች መጡ፤ ቃሬዛውን የተሸከሙትም እነሱ ናቸው፤ ሴቶቹ ደረታቸውን መቱ። ማንም የሚያስመስል አልነበረም። ወረቀቱ ስለፈቀደላቸው የታፈነ ነገር የወጣላቸው ይመስላል። ጸሎቱን የመሩት የቤቱ አገልጋይ፣ ሙሄ በሦስተኛው ቤት ቃል ኖሮ በቃሉ የሞተ፣ መጀመሪያና መጨረሻ የሌለውን አምላክ ያመነ መሆኑን ተናገሩ። ትርንጎ አንገቷን ደፍታ ሰማች። አላለቀሰችም። ሰዎች ሐዘን ቢከብዳት ነው አሉ።

ከዚያ በኋላ መርሳት ጀመረች።

ያላሰበችው ነገር ይህ ነው። እያንዳንዱን ቃል የያዘች መስሏት ነበር። በሳምንቱ ግን «ስም ቀደመ» ነው ያለው ወይስ «ጥሪ ቀደመ»? የቱ እንደሆነ ጠፋባት። ስለ ጉድጓዱ የተናገረው አምስተኛው ላይ ነው ወይስ ስድስተኛው? ሳቁ ከየትኛው ቃል በኋላ ነው የመጣው? የድሮ ቀን መቁጠሪያ ገልብጣ ጀርባው ላይ ልትጽፈው ሞከረች። ሦስት መስመር ጻፈች። ሲነበብ የእሱ ነገር አይመስልም፤ የእሷ ነው የሚመስለው፤ ደረቅና ቁጣ ያለበት። ቀደደችው።

አንድ ከሰዓት ጋሽ ደርበው ሊጠይቋት ሲመጡ ልትነግራቸው አሰበች። ከሁለት አፍ ቢቀመጥ አይጠፋም ብላ።

«ጋሽ ደርበው፣ ሙሄ እኮ አልካደም። እዚያ ሲናገር የነበረው…»

ሽማግሌው እጃቸውን አነሱ፤ ሊመቷት እንጂ ሊያስቆሟት አይመስልም። «አትንገሪኝ!» አሉ። ወዲያው አፈሩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እባክሽ ልጄ። የእኔም የቃል ቀን ደርሷል። አንዴ ጆሮዬ ከገባ በኋላ እዚያ ስቀመጥ ምላሴ ላይ ቢመጣስ? ሰባት የልጅ ልጅ አለኝ፤ ሁሉም በእኔ ወረቀት ነው ትምህርት ቤት ያሉት።»

«እውነትዎን ነው» አለች። ስለ ዝናቡ አወሩ፤ ሄዱ።

የትርንጎ የቃል ቀን ጥር ዐሥራ ሁለት ነው። ያን ዕለት ጠዋት በመጀመሪያው አውቶቡስ መቃብር ሄደች። የመቃብሩ በር ወረቀት አይቶ ነው የሚከፈተው፤ የሦስተኛው ቤት ወረቀት ላለው ብቻ። ወረቀቷን አሳየችው፤ ተከፈተ። የፈዲላን መቃብር አረም ነቀለች። የሙሄ አፈር ገና አልተደላደለም፤ ድንጋዩን ለቅማ ዳር ዳሩን አስተካከለች። ሦስተኛው ቦታ ባዶ ሣር ነው። እሱ ላይ ተቀምጣ ረጅም ጊዜ ቆየች። ጥበቃው ሲያልፍ «እማማ፣ ዛሬ ቆዩ» አላት።

«ሥራ በዝቶብኝ ነው» አለችው። ስትወጣ በሩን ራሷ ዘጋችው፤ ሁልጊዜ እሱ ነበር የሚዘጋው።

ቃል መስጫው ጋ ሰልፍ ነበር። ተራዋ ሲደርስ ገባች፤ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። የመጀመሪያውን ጥያቄ እንደ ወትሮው መለሰች።

«አምላክ ከየት መጣ?»

አፏ የለመደው መልስ ምላሷ ጫፍ ላይ ደረሰ። ሃያ አንድ ጊዜ ብላዋለች። ዋጠችው።

«ባለቤቴ ከለቅሶ መጣ ይል ነበር» አለች።

«የሌላ ሰው ቃል አይመዘገብም። እባክዎ የራስዎን መልስ ይስጡ።»

የራሷ እንዳላት አስባ አታውቅም። የመጣችው የእሱን ልታስቀምጥ ነው፤ የረሳችውን ረስታ፣ የቀረውን ያህል፣ ድምፁ በተሰረዘበት ቦታ። አሁን ማሽኑ የራስሽን ሲላት፣ ከሃያ ሁለት ዓመት ጀምሮ ከጡቷ ሥር ተቀምጦ የኖረው ክብደት እንዳለ ተሰማት። ስም ሰጥታው ነበር፤ ኩርፊያ፣ ቅያሜ። ሙሄም በዚያው ስም ነው የጠራው።

«የራሴ…» አለች። «እኔ የምለው ገና አልመጣም። ባለቤቴ ልጅ ነው፣ ሮጦ መጣ ይል ነበር። እኔ ግን ያን ቀን በሩ ላይ ነበርኩ። የመጣው ሾፌሩ ነው። እሱ ገና አልተወለደም። ገና ሆድ ውስጥ ነው። የማን ሆድ እንደሆነ አላውቅም፤ የሁላችንም መሰለኝ። ሲከብደኝ የኖረው እሱ ነው፤ እኔ ቅያሜ ነው ብዬው ነበር። ጥሪው አልበቃም። ይኸው ነው።»

«መልስዎ ከሰባቱ ቤቶች መልስ ጋር አይገጥምም። ለማስተካከል ሠላሳ ሴኮንድ አለዎት።»

ግድግዳው ላይ ቁጥር መውረድ ጀመረ። ትርንጎ ስለ ሣሩ አሰበች፤ ከሁለቱ ጎን ስላለው ባዶ ቦታ። የመጨረሻ ሰዓት ቃል ብሎ የሚፈርምላት ሰው የላትም፤ ጋሽ ደርበው እንኳ እስከዚያ አይቆዩም። ቢኖርም፣ ይህን የተናገረችውን ደግሞ አንድ ጣት ያጠፋዋል። ሐኪም ቤቱ፣ እድሩ፣ የመቃብሩ በር። ሁሉንም አንድ በአንድ አሰበችው፤ ጊዜው በቂ ነበር። ቁጥሩ አለቀ።

«ከሞቱ በኋላ ወዴት ይሄዳሉ?» አለ ድምፁ፣ በዚያው ለስላሳነት።

«ወደ መንገድ ዳር ዛፍ» አለች።

ወረቀቱ ወጣ። አንብባ አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ውጪ ተራዋን የምትጠብቅ ሴት «ዛሬ ረዘመብዎት፣ ደህና ነዎት?» ስትላት «ደህና ነኝ፤ ግቢ» አለቻት።

ወደ ቤቷ አልሄደችም። ሽቅብ በሚወጣው የደሴ አውቶቡስ ተሳፈረች። ያልተመደቡ የሚቀመጡት ከኋላ ነው፤ ሹፌሩ ወረቀቷን አይቶ ሳይናገር በአገጩ አመለከታት፤ ሄዳ በመስኮቱ በኩል ተቀመጠች። ከተማው ወደ ኋላ ቀረ። ዳገቱ ላይ የመቃብሩ አጥር ሲጀምር ከመቀመጫዋ ተነስታ የጣራውን መያዣ ጨበጠች።

አጠገቧ የተቀመጠው ሰውዬ «እማማ፣ ይቀመጡ እንጂ፤ ፌርማታው ገና ነው» አላት።

«አውቃለሁ፤ ይቺን ብቻ ልለፍ» አለችው።

ለተቀመጠ ሰው አጥሩ ከፍ ይላል። ለቆመ ግን፣ አውቶቡሱ ኩርባውን ሲዞር፣ የሁለቱ መቃብር ራስጌ ይታያል፤ ለአምስት ወይም ለስድስት ሴኮንድ ያህል።